ጎምዛዝ ልሶ ያልጨረሰው ቀሚስ

በዘራማ መንግሥት፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል ማለዳ፣ ታላቁ ሰንደቅ ሲዘረጋ በወርቅና በቀይ ክር የተጠለፈው አንበሳ ነጥቶ ተገኘ። ጨርቁ በምራቅ ርሷል፤ ያሸተተው ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። ቀለም ላሹ አውሬ ጎምዛዝ ከሰንዳር ተራራ ወርዶ ነበር። እስከ ማታ የዳኞቹ ካባ፣ የሙሽሮቹ ቀሚስ፣ የአገሩ ጥልፍ በሙሉ ነጣ።

የቤተ መንግሥቱ ጠላፊ ወጣቷ ውዲት ግን ያለቀሰችው ለአንድ ቀሚስ ነው። ሟች እናቷ ለሰርግሽ ብላ የጠለፈችላት ነበር፤ ሰርጉም ደርሷል።

የጥንቱ ትንቢት «ጎምዛዝ ልሶ የማይጨርሰው ቀለም በተገኘ ቀን የዋጠውን ሁሉ ይተፋል» ይላል። ጀግኖቻችን ታዲያ ምን አደረጉ? ቀለም በገንቦ በገንቦ ተሸክመው ወጡ፤ እሱም ጠጥቶ እያገሳ ሸኛቸው። ጉድ እኮ ነው።

ውዲት ቢያንስ ቀሚሴን ላቅልመው ብላ ወደ ወጥ ቤት ወረደች። አውሬው ጭስ ስለሚያስነጥሰው ወጥ ቤት ደርሶ አያውቅም። አፋቸው ቢከፋም ሆዳቸው ቅን የሆነው ወጥ ሠሪዋ እትዬ ደብሪቱ እርድ በድስት አፍልተው ጨው ጣል አደረጉበት። ቀሚሱ ተነክሮ ሲወጣ የእናቷ አበቦች ቢጫ ለብሰው ብቅ አሉ። ውዲት በደስታ እትዬ ደብሪቱን አቅፋ ስታሽከረክራቸው ቀሚሱ አምልጧቸው ለዕቃ ማጠቢያ በተበጠበጠ የአመድ ውኃ ውስጥ ተዘፈቀ። ሲያወጡት ቀልቷል። እትዬ ደብሪቱ ወይኔ ጉዴ እያሉ እንዲለቅ ሎሚ ጨመቁበት፤ ሎሚው ያረፈበት ሁሉ መልሶ ቢጫ ሆነ።

ውዲት ቀዩንና ቢጫውን አፈራርቃ አየችና ሳቀች። ስንት ዘመን ጎምዛዝ ጎምዛዝ ስንል ኖረን ስሙን ልብ ያለው የለም። የአውሬው ምራቅ እኮ እንደ ሎሚ ጎምዛዛ ነው።

በንጉሡ ፊት ተንበርክካ ማለች፦ «ንጉሥ ሆይ፣ በእናቴ መርፌ እምላለሁ፤ የአገሬን ቀለም ሳልመልስ ከሙሽራ ወንበር አልቀመጥም።» ንጉሡ ሠራዊት ሊሰጧት ፈለጉ። እሷ ግን የጠየቀችው እትዬ ደብሪቱን፣ አንዲት በቅሎና አንድ ቅል የአመድ ውኃ ብቻ ነበር።

የሰንዳርን ገደል ወጡት፤ እትዬ ደብሪቱ ተራራውንም በቅሎዋንም እየረገሙ። ከዋሻው ቤት የሚያክል ነጭ አውሬ ወጣ። ውዲት በአመድ ውኃ ያቀላችውን ቀሚስ ዘረጋችለት። ላሰው፤ ቢጫ ሆነ። እንደገና ሊልስ ሲያጎነብስ እትዬ ደብሪቱ ከቅሉ ረጩበት፤ ቀላ። ላሰ፣ ቢጫ። ረጩ፣ ቀይ። አውሬው መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ግራ ገባው፣ በመጨረሻ ሳቁ መጣ። መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲስቅ የዋጠው ቀለም በሙሉ ከአፉ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ዘራማ ጎረፈ፤ እያንዳንዱም ወደየክሩ ተመለሰ።

ውዲት ቀሚሷን ልታነሳ ስትል ጎምዛዝ መዳፉን አሳረፈበት።

«እሱን ተይልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እዚህ ብቻዬን ነኝ። የምጫወትበት ካገኘሁ ዳግመኛ አልወርድም።»

ውዲት የእናቷን ስፌት በጣቷ ዳሰሰችው። ይህን ለብሳ ለመዳር ስንት ዓመት ጠብቃለች።

«የእናቴ እጅ ያረፈበት ነው» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «በወግ ያዝልኝ።»

እትዬ ደብሪቱም እየተነጫነጩ አመድ በውኃ መበጥበጡን አስተማሩት።

ውዲት በተውሶ ቀሚስ ተዳረች። እርዱ ከእጇ አልለቅ ስላለ ሙሽራዋ ቢጫ እጇን ልትደብቅ ስትሞክር፣ የዘራማ ሴቶች ሁሉ እጃቸውን እርድ ነክረው መጡላት። በዚያ ቀን ያ ሁሉ ቢጫ እጅ ሲያጨበጭብ ያየ እስኪበቃው ሳቀ።

ከዓመታት በኋላ ትንሿ ልጇ ሰንዳር አናት ላይ አንዴ ቀይ አንዴ ቢጫ የሚሆን ነገር ሲውለበለብ አይታ ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት። ውዲት ልጇን አቀፈቻት።

«የአያትሽ ጥልፍ ነው» አለቻት። «እስካሁን ልሶ አልጨረሰውም።»