ኢየሩስ የሣለችው እግዚአብሔር

«ይሄ ማነው ኢየሩስ?» አለች ጣቢታ ወረቀቱን ብድግ አድርጋ።

«እግዚአብሔር ነዋ!»

ትንሿ ኢየሩስ እግዚአብሔርን ሄልሜት አድርጋለት ዱላ አስይዛዋለች። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበብ ሰበታ ከተረበሸች ወዲህ ልጆቹ በየመንገዱ የሚያዩትን ፖሊስ ቁጭ ነው።

ጥፋቱ የጣቢታ ነው። በቤተ ክርስቲያናቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናቱን የሚያስተምሩት ወጣቶቹ በየተራ ናቸው። ዛሬ ተራዋ ሲደርስ፣ ለየት ያለ ነገር ላምጣ ብላ «እግዚአብሔርን ሣሉ» አለቻቸው።

«ዱላው ለምንድን ነው?»

«ያጠፋ ሰው መምቻ!»

ልጆቹ ሳቁ። ጣቢታ ግን ሳቅ አልመጣላትም። እሷም ሰሞኑን ስትለምነው የከረመችው እንዲህ ያለውን አምላክ ነበር። ባለፈው ሳምንት አባቷ በሚሠራበት ፋብሪካ ሰርቪስ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ዓይኑን መታው። ከወርዋሪዎቹ መሃል አንዱ ጃራ ነበር፤ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ አብሯት የሚቀመጠው ጃራ! በዓይኗ አይታዋለች። ለማንም አልተናገረችም። «ጌታ ሆይ፣ የእጁን ስጠው» እያለች ብቻ ትጸልያለች።

«እግዚአብሔርን ያየው ሰው የለም» አለች። «ምን ዓይነት እንደሆነ የምናውቀው ኢየሱስን አይተን ነው። ደቀ መዛሙርቱ አብን አሳየን ሲሉት፣ እኔን ያየ አብን አይቷል አላቸው።»

«ኢየሱስ ዱላ አለው?»

«የለውም።»

«የመቱትን ሰዎችስ ምን አደረጋቸው?»

«ይቅር አላቸው።» ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው መልስ ነውና ሳታስበው ከአፏ ወጣ። ወዲያው በጃራ ላይ የጸለየችው ትዝ አላትና አፈረች።

ከዋናው መንገድ በኩል ተኩስ ተሰማ። የሚሮጡ ሰዎች ኮቴ ቀረበ፤ የቆርቆሮው በር ተደበደበ።

«ጣቢ! ማሎ፣ እባክሽ ክፈቺልኝ! ጃራ ነኝ!»

እጇ መቀርቀሪያው ላይ ደርሶ ቆመ። ባትከፍት ማንም አይወቅሳትም፤ ሕፃናት ይዛለች። ባትከፍት ፖሊስ ይይዘዋል፤ የለመነችው ይሆንላታል። በፋሻ የታሰረው የአባቷ ዓይን ፊቷ ላይ ድቅን አለባት።

«ማነው?» አለች ኢየሩስ ቀሚሷን ይዛ። «ያጠፋ ሰው ነው?»

«አዎ» አለች ጣቢታ። ከፈተችለት።

ጃራ እያለከለከ ገባ። ሲያያት አንገቱን ደፋ። «ጣቢ… አባትሽ…»

«አሁን ዝም በል!» ንዴቷ ገና አልበረደም። እርሳስና ወረቀት አስጨበጠችው። «ከልጆቹ መሃል ተቀመጥና ሣል።»

«ምን ልሣል?»

«እግዚአብሔርን» አለችው ኢየሩስ ጠጋ ብላለት። «ግን ዱላ የለውም።»

ጣቢታ በሩን ቀርቅራ በጀርባዋ ተደግፋው ቆመች። የፖሊሶች ቡትስ ድምፅ ደጃፉ ላይ ደረሰ።