በሁለት ትራንስፎርመሮች መካከል

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቦንሳ ጉደታ በሐጂ ሚፍታ ሕንፃ ጓሮ፣ ከአሮጌው ትራንስፎርመር ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። የሁለቱም እጆቹ መዳፍ ተቃጥሏል። ኢንስፔክተር ፈይሩዛ ስትደርስ የአሰላ ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበርና አንድ ደግ ሰው ሸራ አልብሶታል።

«መስመሩን ሳያጠፋ ወጣ፤ መዘናጋት ነው» አላት የሕንፃው መሐንዲስ ዮፍታሔ።

የሟች ሚስት ዘሀራ ከበሩ ላይ ሰማችው። «ባሌ አይዘናጋም! ይህ ወሬ ከጸና ልጆቼ ዕድሜ ልካቸውን የዝንጉ ልጆች እንደተባሉ ይኖራሉ። ኢንስፔክተር፣ እንዴት እንደሞተ ብቻ ይንገሩኝ።»

ፈይሩዛ ቀና አለች። ከትራንስፎርመሩ በላይ፣ የመንገዱን መስመር ኃይል የሚያስገቡት ሦስቱም ፊውዞች ወርደው ተንጠልጥለዋል። ማውረጃው ረጅም ዱላ መሬት ላይ ወድቋል፤ መሰላሉም በላዩ ላይ ተጋድሟል።

ከዮፍታሔ ጋር የሕንፃው ኃይል ወደሚከፋፈልበት ፓኔል ክፍል ገባች። «ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዱ ሆነው ይንገሩኝ» አለችው።

«ሁለቱ ትራንስፎርመሮች ጎን ለጎን ሆነው ጭነቱን ይካፈላሉ። እያንዳንዱ በየራሱ ብሬከር፣ ማለትም በማብሪያ ማጥፊያው፣ አልፎ በዚህ የጋራ የመዳብ ዘንግ ላይ ይገናኛል፤ ሕንፃው ኃይል የሚያገኘው ከዘንጉ ነው። ጠዋት የአሮጌው መጋጠሚያ ስለጋለ ቦንሳ ሊያጠብቀው ወጣ፤ አዲሱ ብቻውን ቀረ።»

«ብቻውን ይችላል?»

«በግድ። የውሃ ፓምፑን ያጠፋነውም ለዚህ ነው።»

የአሮጌው ብሬከር እጀታ ወደ ታች ነበር፤ ጠፍቷል።

በዚያ ቀን በሕንፃው አዳራሽ የሐጂ ሚፍታ ልጅ የሂባ ኒካህ ይታሰር ነበር። ታላቅ እህቷ ነቢላ የሆነውን ተረከች።

«ምሳ ሲቀርብ መብራቱ ፈዘዘ፣ ማይኩ ይቆራረጥ ጀመር። ከበቆጂ የመጡት አማቾች እርስ በርስ ተያዩ፤ አባቴ ላብ በላብ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ጭራሽ ድርግም ሊል ቃጣው፤ ከጓሮ እንደ በሬ የሚያጓራ ድምፅ ተሰማ። ወዲያው ጩኸት።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«በማስታጠቢያ ከእንግዳ እንግዳ ስዞር! ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያለው ሰው ልጅ በጆግ ስታስታጥብ። ይሳቁ እንጂ!»

«መሐንዲሱስ?»

«ከሽማግሌዎቹ መሐል ነበር፤ አንዴም አልተነሣም። ሥጋ እያለ የት ይሄዳል?»

«ቦንሳ ምሳ አልተጠራም?»

«አባቴ አስጠርቶት ነበር። ኒካህ ቤት ተጠርቶ የሚቀር ማን አለ? ‹መጣሁ› ብሎ ቀረ።»

ሐጂ ሚፍታ ተራቸው ሲደርስ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም። «እጄን ልታጠብ ወደ ቧንቧው ወርጄ ነበር። ጩኸቱን እዚያው ሰማሁ።»

በማግስቱ ፈይሩዛ ዘሀራን ጨምሮ ሁሉንም በባዶው አዳራሽ ሰበሰበች።

«ቦንሳ አልተዘናጋም» አለች። «መሰላሉ የወደቀው ዱላው ላይ ነው። ስለዚህ ሟቹ ፊውዞቹን አውርዶ፣ ዱላውን አስቀምጦ ነው የወጣው። ኃይል ከላይ ሊመጣበት አይችልም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?» አለች ነቢላ።

«ከታች። መሐንዲስ ዮፍታሔ፣ የአሮጌው ብሬከር እጀታ ወደ ላይ ቢነሣ ምን ይሆናል?»

ዮፍታሔ አንገቱን ደፋ። «የአዲሱ ኃይል በዘንጉ በኩል ወደ አሮጌው ይገባል። ትራንስፎርመር ወዲያም ወዲህም ይሠራል፤ ከታች ሲገባለት ከላይ አሥራ አምስት ሺህ ቮልት ያወጣል።»

«ትናንት ይህን አያውቁም ነበር?»

«አውቃለሁ። ብሬከሩ ላይ መቆለፊያ ያላስደረግሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ወደ እኔ እንዳይመጣ በሟች አላከክሁ።»

«ያ ማጓራት አሮጌው ትራንስፎርመር ከታች ኃይል ሲገባበት የተሰማ ነው። አንድ ሰው እጀታውን አንሥቷል፤ ጩኸቱን ሲሰማም መልሶ አውርዶታል። መሐንዲሱ ከሽማግሌዎቹ መሐል፣ ነቢላ ከእንግዶቹ ዘንድ ነበሩ። ሐጂ፣ እርስዎ ቧንቧ ዘንድ ነበርኩ ብለዋል። ፓምፑ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። አገሩ ሁሉ በጆግ ሲታጠብ በደረቅ ቧንቧ የታጠቡት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አባ!» አለች ነቢላ።

ሐጂ ሚፍታ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «በአማቾቼ ፊት እንዳልዋረድ ነበር። ሁለተኛው እጀታ ሲነሣ ብርሃን ይጨምራል ብዬ ነው። ወላሂ፣ ቦንሳ ወርዶ ማዕድ የቀረበ መስሎኛል። አስጠርቼዋለሁኮ!»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ… ሰው ምን ይለኛል አልሁ።»

«ሕግ የሚፈርድብኝን እቀበላለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ለአማቾቼ ግን ቀስ ብዬ ልንገራቸው።»

ዘሀራ ተነሣች። «አማቾችዎ እኔ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ሊያጽናኑኝ መጥተው ከትናንት ጀምሮ ‹ምን አዘናጋው?› ይላሉ። ልጆቼም ይሰማሉ።»

ፈይሩዛ አስቀድማ ልትናገርላቸው አልፈለገችም፤ ከኋላ ተከተለች። ሐጂ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ለቀስተኛው ሁሉ ብድግ አለ። የበቆጂው አማች የክብሩን ወንበር አስለቅቀው «እዚህ፣ ከአጠገቤ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሐጂ ሚፍታ አልተቀመጡም። የቦንሳ ልጆች ወዳሉበት ዞሩ።

«አባታችሁ አልተዘናጋም» አሉ። «መስመሩን አጥፍቶ ነበር። ያበራሁበት እኔ ነኝ።»

የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጋቢው ውስጥ ተመለሰ።