የሐሙስ ጋቢ

መጀመሪያ ያየሁት ፊቱን ሳይሆን ካልሲውን ነው። ከልብስ ማድረቂያው፣ ከድራየሩ፣ ኋላ ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል፤ አንዱ ካልሲ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። «ይሄ ሰው ሚስት የለውም» አልኩ በልቤ። አስታግፊሩላህ! የአባቴ ዓመት እንኳ ሳይሞላ...

ሙዓዝ ይባላል። ደንዉዲ የሚባል ሰፈር አንድ አፓርትመንት ውስጥ ጥገና ይሠራል፤ ቁጥሩን የሰጡኝ የመስጊድ እናቶች ናቸው። ታከር ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ እኔና እማዬ ብቻ ስለሆንን፣ እማዬ ወንበር ስባ በሩ ላይ ተቀምጣለች። እኔን መጠበቋ ነው።

«ይዞራል፣ ግን አያሞቅም» አልኩት።

«የጋዝ ሽታ አለው እህቴ?»

«የለውም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሐሙስ!» አለች እማዬ ቀድማኝ፣ መርዶ እንደምታረዳ ሰው።

ሐሙስ ሐሙስ እማዬ የአባቴን ጋቢ ታጥባለች። ድራየሩ ውስጥ ትከተዋለች፤ ሲሞቅ አውጥታ፣ አቅፋ ይዛ፣ አባቴ ይቀመጥበት የነበረው ሶፋ ላይ ታኖረዋለች። ለጁምዓ እንዲለብሰው። አባቴ ጀዕፈር የሞተው ግን ባለፈው ክረምት ነው። መርሳት የጀመራት መሰለኝና ትንፍሽ አላልኩም። ብነግራት እንደ አዲስ መርዶ የምትሰማው መስሎኝ ፈራሁ። ድራየሩ ከቀዘቀዘ ወዲህ ደግሞ እህል በቅጡ አልቀመሰችም።

ሙዓዝ የጋዙን መዝጊያ አየ፤ ክፍት ነው። ማሽኑን አስነስቶ ወደ ጓሮ ወጣና አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ መዳፉን ዘረጋ። እኔም አጠገቡ ዘረጋሁ። ምንም ንፋስ የለም። እጆቻችን ሳይነካኩ እንደተዘረጉ ቆየን... ከሚያስፈልገው በላይ የቆየን ይመስለኛል!

ተመልሶ ጋዙን ዘጋ፣ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቀለ፣ ቧንቧውን ፈታ። ነጭ ብናኝ እየተጎለጎለ ወጣ።

«በግ ነበር እንዴ የምታደርቁበት?»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ብናኙን በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው።

«የጋቢ ጥጥ ነው። የወንድ ጋቢ?»

«አዎ። በየሳምንቱ ይታጠባል፤ ለጁምዓ።»

ፈገግታው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ቧንቧው ሲታፈን ሙቀቱ መውጫ አጣ። ቤቱ እንዳይቃጠል ፊውዙ ራሱ ተቃጠለ፤ እሳቱም አልነሳ አለ። ፊውዝ ኦርደር አደርጋለሁ።»

ቧንቧውን ጠርጎ ሄደ። ሻይ እንኳ እምቢ አለ።

ምን አጠፋሁ እያልኩ ሰነበትኩ። ቴክስት ባደርግለት፣ «እቃው ሲመጣ፣ ኢንሻአላህ» ብቻ ብሎ መለሰ። የቀዘቀዘው ድራየሩ ብቻ አልነበረም።

ሐሙስ መጣ። ፊውዙን ገጥሞ ማሽኑን አስነሳው። ከታች ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። ሙዓዝ ወለል ወለሉን እያየ መፍቻዎቹን ሰበሰበ።

«ለባለቤትሽ ንገሪያቸው፤ ጋቢ እዚህ ውስጥ አይግባ። ውጭ ይሰጣ።»

«የምን ባለቤት?»

ቀና አለ። «ጋቢው... የጁምዓው...»

«የአባቴ ነው። ሞቷል።» ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «እማዬ ግን ረስታዋለች። እባክህ እንዳትሰማ።»

«ማን ነው የረሳው?»

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች፤ እርጥቡን ጋቢ ታቅፋ።

«እማዬ...»

«ሰልዋ፣ ገላውን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? በነዚህ እጆቼ! ቀዝቅዞ ነበር ልጄ... በጣም ቀዝቅዞ ነበር። ጋቢው ከዚህ ሲወጣ ግን ይሞቃል። አሁን ከላዩ ያወለቀው ይመስለኛል። ለዚያች ደቂቃ ነው የማጥበው።»

ማሽኑ ባዶውን ይዞራል። እኔ ከሐዘን የጠበቅኳት መስሎኝ ለካ ብቻዋን እንድታዝን ትቻታለሁ።

ሙዓዝ ጋቢውን በሁለት እጁ ተቀበላት።

«እማማ፣ ዛሬ ብቻ እናስገባው። እዚሁ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ከዛሬ በኋላ ጓሮ ገመድ አስሬ እናሰጣዋለን፤ ፀሐይም ታሞቀዋለች።»

«እናሰጣዋለን?» አለች እማዬ እንባዋን እየጠረገች። «አንተና ማን?»

ሙዓዝ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔም ድንገት የድራየሩን ቁልፎች በጥሞና ማንበብ ጀመርኩ።

ጋቢው ሲወጣ እማዬ ፊቷን ቀበረችበት። ሄጄ አቀፍኳት፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን አለቀስን። ሙዓዝ ቀስ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ገመድ ሲያስር በመስኮት አየሁት።

ሽማግሌ ለመላክ ብዙ አልቆየም። የኒካው ጠዋት ሁለቱም ካልሲዎቹ ጥቁር ነበሩ፤ አረጋግጫለሁ። እማዬ ጋቢውን ከገመዱ አውርዳ፣ ፀሐይ እንደመታው ሙዓዝ ትከሻ ላይ ጣለችለት። መዳፏን ግን አላነሳችም። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«ይሞቃል» አለች።