የጎደለው አጎዛ

ሉሊ አጎዛው መጉደሉን ልብ ያለችው መምህሯ አቶ ወልዱ ከወደቁ በኋላ ነው። ሁልጊዜ አምስት አጎዛ በክብ ይነጠፋል፤ ያን የነሐሴ ቅዳሜ ከሰዓት የተነጠፈው ግን አራት ነበር። ያኔ ማን ይቆጥራል? መምህሩ ከንፈራቸው ላይ ያለው ወተት ሳይደርቅ ግድግዳውን ተደግፈው ያጣጥሩ ነበር። አምቡላንስ ሳይደርስ ሞቱ።

ክፍሉ ካዛንቺስ፣ ከአንድ አሮጌ ቪላ ጀርባ ያለ ሰርቪስ ቤት ነው። አቶ ወልዱ እዚያ ጥቂት ተማሪዎች ሰብስበው ከቤተክርስቲያንም ከመስጊድም በፊት የነበረውን እምነት ያስተምሩ ነበር፤ አድባር እንዴት እንደሚለመን፣ ቆሌ ምን እንደሚወድ፣ ጨረቃ ስትወጣ ምን እንደሚባል። ትምህርቱ የሚያልቀው በወተት ነው። ማር የገባበት ወተት ከጆግ ወደ ቅል ይቀዳና ይዞራል። ሁሉም ይጎነጫል፤ የቀረውን መምህሩ ይጨልጡታል።

ጆጉ ውስጥ የተረፈው ወተት ሲመረመር የአይጥ መርዝ ተገኘበት። ወተቱን ገዝታ ያመጣችው ደግሞ ሉሊ ነበረች።

ኢንስፔክተር ቢፍቱ እነሉሊ ቤት ስትደርስ በሩን የከፈተችላት እናትየው እጸገነት ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጇ ኮምፒውተር የምትማር ይመስላት ነበር። አሁን በር በተንኳኳ ቁጥር ልጇን በካቴና ሊወስዱባት የመጡ ይመስላታል።

«ሊወስዷት ነው አይደል?»

«ልጠይቃት ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

«ሲጀምሩ እንደሱ ነው የሚሉት።»

ቢፍቱ ከሉሊ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ወተቱ ከእጅሽ ተለይቶ ነበር?»

«ጥግ ላይ አስቀምጬው ወጣሁ። ከመጀመራችን በፊት ውጪ ቧንቧው ጋ ተራ በተራ እንታጠባለን። ሁሉም ብቻውን ውስጥ የቀረበት ጊዜ አለ።»

«አንቺስ ጠጣሽ?»

ሉሊ እናቷን አየች። «አዎ... ትንሽ።»

«ጠጥታለች!» አለች እጸገነት። «መርዝ የጨመረ ሰው መልሶ ይጠጣዋል?»

ቢፍቱ ቤቱን ቃኘች። የምሳ ሰዓት አልፏል፤ ምድጃው ግን ገና አልተለኮሰም። ነጠላዎቹ በሩ አጠገብ ተሰቅለዋል። ልትወጣ ስትል ሉሊ ተከተለቻት።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር... አጎዛው አራት ነበር። አብራን የምትማረው ራቢያ ባትመጣም አጎዛዋ ተነጥፎ ባዶውን መታየት ነበረበት።»

ሁለተኛው ተማሪ መብርሃቶም ለገሃር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ቢፍቱ ከሱቁ አጠገብ ያለ ካፌ ወስዳ ማኪያቶ አዘዘችለት።

«ጠጣህ?»

«ጠጣሁ እንጂ! በቃ፣ ልክ እንደ ሁልጊዜው።»

«እና እንዴት ተረፍክ?»

«ማለቴ... የመንገድ ሳምቡሳ የለመደ ሆድ ምን ይነካዋል?» አለ፤ ራሱ ግን አልሳቀም።

«መምህሩን የሚጠላ ነበር?»

«ሁላችንም ፈርተናቸው ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ዋርካ ሥር በጠራራ ፀሐይ ቆመን ለጋዜጣ ፎቶ እንነሳለን አሉ። የሚያፍር ተማሪዬ አይደለም አሉ። እናቴ ጋዜጣ ላይ ስታየኝ ያስቡት!»

ማኪያቶው ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ሦስተኛው አቶ ቀለመወርቅ ናቸው። ላንቻ የሚኖሩ ጡረተኛ፣ የደብራቸው ሰበካ ጉባኤ አባል። የክፍሉን ቁልፍ የሚይዙትም እሳቸው ነበሩ። ረጋ ብለው መለሱ፤ ወተቱን ጠጥተዋል፣ ያዩት የተለየ ነገር የለም።

«ራቢያ ለምን ቀረች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እስክትመጣ ስንጠብቃት ነበር።»

ራቢያ ሜክሲኮ ልብስ ትሸጣለች። «ሱቅ ተደወለ» አለች። «ጎረቤቴ ነው ያነሳው። ዛሬ ትምህርት የለም በላት አለ አንድ ሰውዬ።»

«ሌላ ጊዜ ወተቱን ትጠጪ ነበር?»

«እንዴ፣ ይጣፍጣላ!»

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ቢፍቱ አራቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። እጸገነት ካለ ልጇ አልቀመጥም ብላ አብራ መጣች። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«መርዙ የነበረው ጆጉ ውስጥ ነው» አለች ቢፍቱ። «ወተቱ ወደ ቅሉ ሳይቀዳ ተበክሏል ማለት ነው። ሦስታችሁ ጠጣን ብላችኋል፤ ሦስታችሁም በጤና ቆማችኋል። ያልጠጣው ማን ነው?»

እጸገነት የልጇን እጅጌ ጎተተች። «ጠጥቻለሁ በይ!» አለች በሹክሹክታ። «አልጠጣሁም ካልሽ አንቺ ነሽ ይሉሻል። ታስረሽ ትቀሪያለሽ!»

ሉሊ እንባዋ መጣ። «አልጠጣሁም። ፍልሰታ ነው እኮ፣ እማዬ። ከንፈሬን አስነክቼ አሳለፍኩት።»

«እኔም» አለ መብርሃቶም መሬት መሬት እያየ።

«አድባር ልትማሩ እየመጣችሁ ፍልሰታ ትጾማላችሁ?» አለች ራቢያ።

«ፍልሰታማ ሌላ ነገር ነው!» አለ መብርሃቶም።

«ገዳዩም ይህን ያውቅ ነበር» አለች ቢፍቱ። «ለዚህ ነው የሁሉንም ወተት ሳይፈራ የመረዘው። ጾሙን ትተው የሚጠጡት አቶ ወልዱ ብቻ ናቸው። ራቢያ ግን ትጠጣለች፤ ስለዚህ እንዳትመጣ ተደረገ። ሉሊ፣ አጎዛ የሚያነጥፈው ማን ነው?»

«ጋሽ ቀለመወርቅ።»

«አቶ ቀለመወርቅ፣ ራቢያን ስንጠብቃት ነበር ብለውኛል። መቀመጫዋን ሳያነጥፉ ነው የጠበቋት?»

«ረስቼ ይሆናል።»

«ልጆቹ እንደሚጾሙስ በምን አወቁ?»

የመለሰችው ሉሊ ናት። «ኪዳን ላይ አይተውናል። እኔንም መብርሃቶምንም። ራሳቸውን ነቅንቀው ሰላም ብለውናል።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ያገለገልኩበት የቤተክርስቲያን ደጅ ነው» አሉ። «ፎቶው ይቅር ብዬ ወልዱን ለመንኩት፤ ሳቀብኝ። ልጆቹን ግን አልነካሁም።»

«ይህቺን ልጅ በእርስዎ ፋንታ ለእስር ትተዋት ነበር» አለች ቢፍቱ። ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች።

እናትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በዝናብ ቤታቸው ደረሱ። እጸገነት ከቅዳሜ ወዲህ በሯን ቆልፋ አታውቅም። ሊወስዷት ሲመጡ ሰብረው ይገባሉ፣ ልጄ ትደነግጣለች እያለች ገርበብ አድርጋው ነበር የምታድረው።

«እማዬ፣ ትቆጪኛለሽ?»

«ነገ» አለች እጸገነት። ቁልፉን አዞረች፣ እጀታውን ሳብ አድርጋ አየችው፤ እንደገና አዞረችው።