በደመና ቀን የተለካ ጥላ

ልጅቷ ደመና አትወድም ነበር። እውነቷን ነው። ከእናቷ ጋር የሆቴል አንሶላ እያጠበች፣ በጓሮዋ ገመድ ላይ እያሰጣች ለምትተዳደር ሰው ደመና ማለት ሥራ መፍታት ነው።

እንግዲህ ከጓሮው አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ረጅም ፎቅ ሊሠራ ነው ሲባል ልቧ ቢደነግጥ አይፈረድባትም። ኩባንያው ያስጠናው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ «ሕንፃው በጎረቤት ላይ የሚጥለው ጥላ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም» ይላል። ጥላው የተለካው ግን ቀትር ላይ ብቻ ነበር። ቀትር ላይማ የማን ጥላ ይረዝማል? ጠበቃ አጎቷ ይህንኑ ይዞ በግምገማው ላይ ተቃውሞ አቀረበ። ፍርድ ቤቱም ጠዋትና ከሰዓት የሚለካ ገለልተኛ ባለሙያ ሾመ።

ባለሙያው ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ወጣት ነበር። ዘንግና ሜትር ተሸክሞ ሲገባ እናቷ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ገና ያልተሠራ ፎቅ ጥላው እንዴት ይለካል፣ ልጄ?»

«ይቺን ዘንግ እተክላለሁ፣ እናቴ። የሷን ጥላ ለክቼ የፎቁን አሰላለሁ።»

«በል መጀመሪያ ሻይ ጠጣ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከተከራካሪ ቤት ሻይ መጠጣት አይፈቀድልኝም።»

ይህን ሲል ራሱ አፈረ። ከአንሶላው ጀርባ ያለችው ልጅ ሳቋ አመለጣት። ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ፤ የዘረጋው ሜትር ከእጁ አፈትልኮ ተጠቀለለ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ከሰዓት ይመጣ ጀመር። ጥላው እንዲታይ አንሶላውን ገለል ማድረግ የሷ ሥራ ሆነ።

«ይሄን ትንሽ ወደ ግራ ቢያደርጉልኝ?»

«አንቺ በለኝ እንጂ! እናቴ ከሰማችህ መሳቂያ ታደርግሃለች።»

«እሺ… አንቺ።»

አንዲቷን ቃል ለማውጣት አማጠ። እሷ ደግሞ ቃሏን ቀኑን ሙሉ በልቧ ይዛት ዋለች። ሰውየው ውሃ እንኳ ከቤቱ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ ወሬያቸውም ከጥላ አያልፍም። ግን ስለ ጥላ ይህን ያህል የሚወራ ነገር መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?

አንድ ሐሙስ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ። «ዛሬስ አይመጣም» አለችና ከፋት። መጣ። ዘንጉን ተከለ። ጥላ የለም። ሁለቱም ዘንጉን አዩት።

«ምናልባት ይገልጥ ይሆናል» አለ።

«ምናልባት» አለች።

አልገለጠም። የተገለበጡ ባልዲዎች ላይ ተቀምጠው፣ ብዙም ሳይነጋገሩ እስከ አመሻሹ ጠበቁት። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ጉዱ የፈላው ችሎት ላይ ነው። የኩባንያው ጠበቃ ብድግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ የባለሙያው ልኬት ውድቅ ይደረግልን! ሐሙስ ዕለት በአመልካቿ ጓሮ ተቀምጦ ሲውል የጥበቃ ሠራተኛችን አይቶታል። ቀኑ ደመና ነበር። የምኑን ጥላ ሲለካ ነው የዋለው?»

ችሎቱ በሳቅ አውካካ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ልኬቱ ከወደቀ ፎቁ መሠራቱ ነው፤ ፎቁ ከተሠራ ጓሮው መጨለሙ ነው። አጎቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ከጠየቁሽ፣ ግድግዳ ሲለካ ነበር በይ።»

ወጣቱ ግን ቀድሞ ተነሣ።

«ሐሙስ ምንም አልለካሁም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የሄድኩት እሷን ለማየት ነው። የሌላው ቀን ልኬት ትክክል ነው፤ ግን እመኑኝ አልልም። ሌላ ሰው ይለካ። ፀሐይዋ ያው ናት።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ? ለምን እንደመጣ ታውቂ ነበር?»

አጎቷ እግሯን ረገጣት። ግድግዳ ብትል ምናልባት ትተርፍ ይሆናል። ግን ያንን ዓይነ አፋር፣ በሰው ሁሉ ፊት ልቡን ያወጣውን ሰው፣ ብቻውን አቁማው እንዴት ትቀመጥ?

«አላወቅሁም» አለች። «ግን ጠዋት ደመናውን ሳይ አይመጣም ብዬ ከፍቶኝ ነበር። ሲመጣ ደስ አለኝ። እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ። በደመና ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

አጎቷ ግንባሩን ያዘ። ዳኛዋ ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፍነው ሌላ ባለሙያ ሾሙ። ወጣቱም ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በዚያ ግቢ ዝር እንዳይል አዘዙ።

አዲሷ ባለሙያ ፊታቸው የማይፈታ ሴትዮ ነበሩ። ሰላምታ እንኳ የሚሰጡት ለዘንጋቸው ይመስል ነበር። ፀሐይዋ ደግሞ እልህ የያዛት ይመስል በየቀኑ ወጣች፤ አንሶላው ሁሉ ተሰጥቶ ወዲያው ይደርቃል። ልጅቷ ግን በሩን እያየች ትቆዝማለች።

«ይህን የመሰለ ፀሐይ ወጥቶልሽ ምን ያስለቅስሻል?» አሉ እናቷ።

«ሳሙና ገብቶብኝ ነው፣ እማዬ።»

«ሳሙናው እኮ ገና አልተከፈተም!»

የሴትዮዋ ልኬት ከወጣቱ የጣት ስፋት እንኳ አልራቀም። ጥላው ጓሮውን እንደሚያጨልም ስለተረጋገጠ ግምገማው እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ። ኩባንያውም መከራከሩ አላዋጣው ቢል ፎቁን ዝቅ አድርጎ ከጓሮው አራቀው። አጎቷ በደስታ ዳኛዋን ሊያቅፍ ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ የቋጠረ፣ የለየለት ደመና። እናቷ በመስኮት አዩና ፈገግ አሉ።

«ዛሬ ልብስ አይደርቅም። ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ፤ ፀጉርሽንም አበጥሪ።»

ገና አበጥራ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። እየሮጠች ከፈተችው። ዘንግ የለም፣ ሜትር የለም። የሚይዘው ስላጣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል።

«ዛሬስ ምን ልትለካ መጣህ?» አለች፤ ሳቅ ሳቅ እያላት።

«ምንም» አላት። «ሻይ ልጠጣ ነው የመጣሁት።»

ጓዳ ውስጥ ውሃው ከተጣደ ቆይቶ ነበር።