ባልዲው ውስጥ የገባው ዛጎል

የስትሩአን መቅዘፊያ በቀኝ በኩል ዘገየ። ከፊት የተቀመጠችው ሞርቨን ሰማችው። በግራ ሲሆን የሁለቱም መቅዘፊያ «ጯ!» ብሎ አንድ ላይ ውሃ ይገባል። በቀኝ ግን የእሷ ይቀድምና የእሱ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ እንደሚመጣ ተማሪ፣ እየተጎተተ ይደርሳል።

«ትከሻህን ነው አይደል?» አለችው ሳትዞር። ብትዞርስ ምን ሊፈይድላት፤ ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ አያይም።

«የምን ትከሻ? ዝም ብለሽ ቅዘፊ።»

«እየዘገየህ ነዋ!»

«አንቺ ነሽ የምትጣደፊው። እራት ይቀድሙኛል ብለሽ ነው?»

ሞርቨን አሥራ አራት፣ ስትሩአን አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የስትሩአን ግራ እግር ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ ነው፤ ጀልባ ሲገባ አውልቆ ከመቀመጫው ጀርባ ይወሽቀዋል። የተዋወቁ ዕለት፣ «ሁለት ዓይንና ሦስት እግር አለን፤ ለሁለት ሰው መች አነሰ!» ብሎ አሳቃት። ከዚያ ወዲህ ሲጨቃጨቁ ካልሆነ ሲስቁ ነው የሚገኙት።

በየበጋው በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ የሚሰበሰበው ይህ ቡድን እንዲህ ነው። የሚያይ ከማያይ፣ የሚራመድ ከማይራመድ ተጣምሮ አንድ ቀን ባለ ሁለት ወንበር ብስክሌት ይጋልባል፣ አንድ ቀን ካያክ የሚባለውን ጠባብ ጀልባ ይቀዝፋል። ብስክሌት ላይ የማያይ ሰው ቦታው ከኋላ ስለሆነ፣ ሞርቨን የሰው ጀርባና የሰው ላብ ስታሸት ትውላለች። ካያክ ላይ ግን የሚመራው ሰው ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ከፊት እሷ ናት። በእሷና በባሕሩ መካከል ማንም የለም። ነፋሱ እንኳ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።

ዳርቻ ሲደርሱ የቡድኑ መሪ ኢሽቤል እስከ ጉልበቷ ውሃ ገብታ ጀልባቸውን ያዘች። ኢሽቤል ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ድምፅዋ ሻካራ፣ ልቧ ግን ቅቤ የሆነ ሴት ናት።

«ስትሩአን፣ ትከሻህን አመመህ እንዴ? ፊትህ ተጨማደደብኝ።»

«ኧረ እንደ በሬ ነኝ! ፊቴ ድሮም እንዲህ ነው፤ እናቴን ጠይቂያት።»

ኢሽቤል ስቃ ወደ ሌሎቹ ሄደች። ስትሩአን ወደ ሞርቨን ጆሮ ጠጋ አለ።

«አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ። እኔ ከቀረሁ የሚመራሽ የለም፤ ሌላው ሁሉ ጥንድ ጥንዱን ይዟል፤ ኢሽቤልም ብቻዋን እየቀዘፈች ሁሉንም ትጠብቃለች። ነገ ደግሞ የመጨረሻ ቀናችን ነው። ለኢሽቤል አልናገርም በይ። እናቴን በይ!»

ሞርቨን ትንሽ አመነታች። «እናቴን!» አለች።

ነገ ወደ አቆስጣዎቹ ደሴት ነው የሚሻገሩት። አቆስጣ ፊቱ ውሻ የሚመስል፣ ጺማም የባሕር እንስሳ ነው። መንጋው ማዶ ባለችው ድንጋያማ ደሴት ላይ ተጋድሞ ያዜማል ይባላል። የሞርቨን አያት በወጣትነታቸው እዚሁ ዳርቻ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሞርቨን ሕፃን ሳለች፣ ግላስጎው ባለው ቤታቸው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «ኡ... ኡ... ኡ» እያሉ ዜማውን ከደረታቸው እየጎተቱ ያስተኟት ነበር። አምና በብርዱ ወራት ግን ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ምላሳቸውም አብሮ ታሰረ። አሁን የሚያወሩት በግራ እጃቸው ብቻ ነው። ሞርቨን ስትሰናበታቸው ያንን እጅ ይዛ፣ «አያቴ፣ እዚያው ሄጄ ሰምቼው መጥቼ አዜምልዎታለሁ» ብላቸዋለች። እጃቸው እጇን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ቶሎ አልለቀቀም።

ስትሩአን አንዴ የአቆስጣ ድምፅ ከስልኩ ከፍቶላት ነበር። የተዘጋ ቧንቧ መሰላት። «ይሄማ አያቴ ሲያንኮራፉ ነው» ብላ መለሰችለት።

በማግስቱ ጠዋት ነፋስ ተነሣ። የአጃ ገንፏቸውን በልተው ዳርቻው ላይ ተሰበሰቡ።

ይህ ቡድን ባሕር ከመሻገሩ በፊት አንድ ልማድ አለው። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ዛጎል ይለቅማል፤ አንድ ነጭ ሾጣጣ፣ አንድ ጥቁር ሞላላ። ፎጣ በተሸፈነ ባልዲ ውስጥ እጁን ሰዶ አንዱን ያስቀምጣል፤ የቀረውን በጭብጡ ደብቆ ወደ ባሕር ይወረውራል። ነጩ «እንሂድ» ነው። አንድ ጥቁር እንኳ ከተገኘ ግን ማንም አይሻገርም። ማን ነው ያስቀመጠው ብሎ መጠየቅም ነውር ነው።

«ነፋሱ የሚቻል ነው» አለች ኢሽቤል። «ስንመለስ ግን ፊት ለፊት ይገፋናል። ክንዱን የሚጠራጠር ካለ፣ ባልዲው ይኸው።»

«ዛሬስ አቆስጣዎቹ ቁርስ ያደርጉናል» ብለው አጉረመረሙ እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌው ዱጋልድ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሞርቨን አልሳቀችም። ስትሩአን አጠገቧ ጃኬቱን ሲለብስ እየሰማች ነበር። ቀኝ እጁ እጅጌው ውስጥ ሲገባ ትንፋሹን ዋጠ።

ተራዋ ደረሰ። እጇን ባልዲው ውስጥ ሰደደች። ነጩ ዛጎል በጣቶቿ መካከል እንደ ትንሽ ቆብ ነው፤ ጥቁሩ እንደ ጥፍር የለሰለሰ። ነጩን ብታስቀምጥ፣ ምሳ ሳይደርስ ደሴቷ ጋ ናት። ሲመለሱ ግን ያ የሚዘገየው መቅዘፊያ መሐል ባሕር ላይ ጨርሶ ቢቀርስ? ለኢሽቤል እንዳትናገር ምላለች። ስለ ባልዲው ግን አልማለችም። የአያቷ እጅ ትዝ አላት፤ ጣቶቿ ነጩ ላይ ጠበቁ። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ጥቁሩን አስቀመጠችው። ድምፅ እንዳያወጣ እስከ ታች አደረሰችው። ነጩን ወደ ባሕር ስትወረውር ክንዷ ከበዳት።

ኢሽቤል ፎጣውን አንሥታ ዛጎሎቹን እያንኳኳች አገላበጠች። «በሉ፣ ብስክሌት!» አለች።

ረፋዱን በዳርቻው መንገድ ጋልበው፣ ከፍ ያለ የድንጋይ አፋፍ ላይ ለምሳ አረፉ። ሞርቨንን ያመጣቻት ኢሽቤል ነበረች፤ ስትሩአን ከሌላ ሰው ጋር መጣ። ከሻይ ብርጭቆዎቹ አጠገብ አንዱ፣ «ዱጋልድ፣ አቆስጣዎቹ እኮ ጦማቸውን ዋሉ!» አለ። ዱጋልድ ሳል ቢጤ ሳሉና ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ስትሩአን ሻይዋን አቀበላት። በግራ እጁ ነበር።

«እሱ ነው! ያ ፈሪ ሽማግሌ ቀንሽን በላብሽ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ነውር ነው ቢሉም ሄጄ ልነግረው ነው።» ተነሣ።

ሞርቨን ጃኬቱን ጨምድዳ ያዘችው። «እሳቸውን ተዋቸው። እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ጥቁሩን።»

«ውሸታም።»

«እናቴን!»

ስትሩአን ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አንቺ? አያትሽን... ስንት ቀን ስታወሪኝ ከርመሽ!»

«ቀኝህ ይዘገያል። ከማክሰኞ ጀምሮ።»

«ከሰኞ» አለ።

ተነሥቶ ሲሄድ ሰው ሠራሽ እግሩ ጠጠሩን ሲፈጭ ሰማች። «ይኸው ዱጋልድ፣ ብስኩቴን ይብሉ» አለ። «ምነው ዛሬ ደግ ሆንክ? ታመምክ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው። እርምጃው እንደገና ቀጠለ፤ ከዚያ ድምፁ ራቅ ብሎ፣ «ኢሽቤል፣ አንዴ ላናግርሽ» ሲል ተሰማት።

ሞርቨን ፊቷን ወደ ማዶ አዞረች። ነፋሱ ጆሮዋን ሞላው። ከደሴቷ ምንም አልመጣም፤ ውሃ ድንጋይ ሲመታ ብቻ። ጠበቀች። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች።

ከዚያ በለሆሳስ «ኡ... ኡ...» ብላ የአያቷን ዜማ ጀመረች። እሳቸው እንደሚያደርጉት ከደረቷ እየጎተተች ሄዳ ሄዳ፣ ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ ጠፋት። ቆመች።

እስከዚህ ድረስ ልታዜምላቸው ወሰነች። ከዚህ ወዲያ ያለውን በግራ እጃቸው እጇን ይዘው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያሳዩዋታል።

ከመጀመሪያው ጀመረች።