«አይገጥምም በል»

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ... በእጄም ነክቼዋለሁ።

ግንቦት 1954 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

በዚያ ሰዓት ድሬ ከሙቀቱ ሸሽቶ፣ ሱቁን ዘግቶ ይተኛል። እኔ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ ደም መርማሪ ነበርኩና ተረኛ ነኝ። ተናድጃለሁ።

ፋርቱን የምትባል ወላድ አመጡ። ልጁ ደህና ነው። የእሷ ደም ግን አልቆም ብሏል።

«ደም ካላገኘች አስር ሰዓትን አታይም» አለ ሐኪሙ።

ያኔ እኛ ዘንድ ተቀምጦ የሚጠብቅ ደም የለም። ከዘመድ ክንድ ነው የሚቀዳው። የሁለቱን ሰዎች ደም መስታወት ላይ ጠብ አድርጌ እቀላቅላለሁ። ለስላሳ ከሆነ ይገጥማል። እንደተበላሸ ወተት ከተቆራረሰ... ይገድላል።

እናቷ ሃሊሞ ቀድማ ክንዷን ዘረጋች።

«ሁሉንም ውሰደው፣ ልጄ።»

ተቆራረሰ።

ቀጥሎ ወንድሟ ዋይስ ገባ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ በሩን የሚሞላ ሰው። ቀላቀልኩት።

ለስላሳ! ይገጥማል!

ዋይስ እጄን ጨበጠ።

«ሙመድ... አይገጥምም በል።»

«እህትህ ናት እኮ!»

«ደሙን የሰጠ ወንድ ጉልበቱ አይመለስም። አይገጥምም በል፣ አቦ!»

ጅል! ደም እንደሚተካ አውቃለሁ። ግን በዚያ ሙቀት ማን ይከራከረዋል? ወጣሁና «አይገጥምም» አልኩ።

«ከአንድ ማህፀን ወጥተው?» አለች ሃሊሞ።

«ይሆናል፣ ኤዶ። ወንድምና እህት ላይገጥሙ ይችላሉ» አልኳት፣ እንደ አክስት እየጠራኋት።

ይህ እውነት ነው። ውሸቴን እውነቱ ውስጥ ደበቅኩት።

ሌላም ነገር አለ... የእኔ ደም ኦ ነው። ለሁሉም የሚሰጥ። ማንም አልጠየቀኝም። እኔም ለራሴ ሳስቼ ዝም አልኩ።

ፋርቱን አስር ሰዓት ሳይሞላ ሞተች።

መስታወቱን ላጥብ ገባሁ። በድሬ ሙቀት ጠብታ ደም ወዲያው ይደርቃል። የእሷ ግን እርጥብ ነበር... ነካሁት።

ይሞቃል።

በአስራ አምስተኛው ቀን የዋይስ መኪና ሐርላ አጠገብ ተገለበጠ። ደሙ እየፈሰሰ አመጡት። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ።

አስራ ሁለት ሾፌሮች ክንዳቸውን ሰጡ። የአስራ ሁለቱም ተቆራረሰ።

የራሴን ደም ጠብ አደረግኩ። ኦ ነው፣ መግጠም አለበት...

ተቆራረሰ።

ሃሊሞ በሩ ላይ ቆማለች።

«አይገጥምም፣ ኤዶ... ወላሂ አይገጥምም!»

አላለቀሰችም። ጠጋ ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

«አሁን ደግሞ ፋርቱን ናት እንዲህ በል ያለችህ?»

የዋይስን ልመና ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እንዴት አወቀች?

የዋይስን ሬሳ ይዘው ሲወጡ ብቻዬን ቀረሁ። ጣቴን ወጋሁ። ሁለት ጠብታ፣ ጎን ለጎን። ሁለቱም የእኔ፣ ከአንድ ቀዳዳ የወጡ።

ልቀላቅላቸው መርፌውን አስጠጋሁ...

አንደኛዋ ጠብታ ከሌላዋ ሸሽታ፣ ወደ መስታወቱ ጠርዝ መሄድ ጀመረች።